ጓሳ ጫፍ ላይ ያለችው የተጓዥ ማደሪያ፦ የጣራ ሥራ ማስታወሻ፣ ጥር 2011

ጥር 4፣ ቅዳሜ ማታ

ደረስኩ። ከአዲስ አበባ በሌሊት ወጥተን ቁርስ ደብረ ብርሃን፣ ከዛ ጣርማበር ላይ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ መሃል ሜዳ መታጠፍ፣ ከዛ በኋላ ያለው በቃ ብርድና ንፋስ ነው። አይሱዙው ላይ 34 ቆርቆሮ ባለ 32 ጌጅ፣ ኮልሞ (የጣራውን አናት የሚከድነው ቆርቆሮ)፣ የቆርቆሮ ምስማር፣ አንድ ጥቅል ጥቁር ሽቦ፣ ቁርጥራጭ ፌሮና ሁለት የድሮ ፍራሽ ስፖንጅ ጭኛለሁ። ሹፌሩ መኪና የሚገባበት ጫፍ ላይ አራግፎልኝ ተመለሰ። ከዛ እስከ ቤቷ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ አለ፣ ቆርቆሮው ዛሬ አንድ ሰው ግቢ አድሯል።

ለማታውቁ፦ ቤቷ የአጎቴ ናት፣ መንዝ ካለው ጥብቅ የጓሳ ሣር ክልል ወጣ ብላ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች የድንጋይ ሰቀላ፣ ውስጧ አምስት ሜትር በአራት። አያቴ የከብት ጠባቂ ማደሪያ ብሎ ነው የሠራት። በገደሉ ጫፍ ጫፍ የሚጓዙ ሰዎች ሲመሽባቸው እየገቡ ማደር ጀመሩ፣ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ደግሞ ድንኳን ይተክላሉ፣ ጠዋት ሲነሱ ይፋትን ከላይ ቁልቁል ያያሉ። ጋሼ (አጎቴን እንደዛ ነው የምለው) ትንሽ ብር ይቀበላሉ፣ ሚስታቸው እትዬ ዳቦና ጠላ ይሸጣሉ፣ ይሄው ነው። ያለፈው ክረምት ጣራው ለቀቀ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ብረት ነው፣ በርና መስኮት ነው የምበይደው፣ ስለዚህ ስልክ ተደወለልኝ።

ሣሩን በሣር ለምን አይቀይሩትም ብዬ ነበር። ጓሳው ዝግ ነው አሉኝ። ጓሳ የሚባለው ሣር ለጣራ ወደር የለውም፣ ቦታውም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፣ ግን ዝም ብሎ ማጭድ ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ድሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው (ዜና ላይ ከምንሰማው የወጣቶች ቄሮ ጋር አይገናኝም)፣ አስቦና ጌራ የሚባሉት የሁለቱ አባቶች ተወላጆች አባ ቄራ እየመረጡ ሦስት አራት አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ከፍተው ያጭዱታል፣ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉታል። ነገሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ቄሮው ፈረሰ፣ አሁን ያለው የማኅበረሰቡ ጥበቃ ከዛ በኋላ እንደገና የተቋቋመ ነው። ጋሼ እንደሚሉት በአባቶቻቸው ጊዜ ሰርቆ ያጨደ ሰው በዛ ሣር የከደነው ቤቱ ይቃጠልበት ነበር። ይሄን የነገሩኝ እራት እየበላን ጣራውን ቀና ብለው እያዩ ነው።

ጥር 5፣ እሁድ

ሥራ የለም። ለክቼ ብቻ ዋልኩ። ግድግዳው ካብ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል፣ ሰሜን በኩል ያለው ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ተንዷል። ወጋግራው ጥድ ነው፣ በእጄ ጉማጅ ብረት ስመታው እንደ ደወል ጮኸ፣ አልነካውም። የሣሩ ውጪ በስብሷል፣ አረንጓዴ ሆኗል፣ ውስጡን ግን እጄን ሰድጄ ሳየው ጥቁር ጥላሸት የለበሰ፣ ደረቅ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል። የዛን ሁሉ ዓመት የምድጃ ጭስ ጠብቆታል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማታ ምስር ልቀቅል ብዬ አበድኩ። እዚህ ከፍታ ላይ (3,300 ሜትር አካባቢ ነን) ውሃ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ይፈላል ይፈላል ግን ምስሩ አይበስልም። እትዬ እያዩኝ ሳቁና የገብስ በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ለሚመጣ ሰው ምክሬ፦ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ባቄላና ምስር ፕሬዠር ኩከር ከሌላችሁ አታስቡት።

ጥር 6፣ ሰኞ

ቆርቆሮ ማጓጓዝ። አህያ ላይ እንጭናለን ብዬ ነበር፣ መጀመሪያዋ አህያ አምስት ቆርቆሮ በጎን በጎን ታስሮላት መቶ ሜትር ሄደች፣ አፋፉ ጋ ስንደርስ ንፋሱ ገባበት፣ ቆርቆሮው ተንቧቧ፣ አህያዋ ጭነቷን ጥላ ከአካባቢው ጠፋች። ሁለቱ ተጣመሙ። ከዛ በኋላ በሰው ሆነ፣ አራት አራት አስረን፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ ትከሻ ላይ፣ ንፋስ ሲመጣ ቁጭ፣ ሲያልፍ ተነስ። ስምንት ሰው ሙሉ ቀን ፈጀ። ለደቦው ጠላ እንጂ ብር አንቀበልም አሉ፣ ጠላው ግን ከብሩ ሳይበልጥ አልቀረም።

መንገድ ላይ ቀይ ቀበሮ አየን። አይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ፣ እኛንም ቆርቆሯችንንም ከቁም ነገር ሳይቆጥር። ቆርቆሮ ተሸክሜ ስለነበር ፎቶ የለም።

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ሥላሴ። ሥራ የለም። ማን ይፈርዳል ብዬ አንዷን ፌሮ ላጥፍ መዶሻ ባነሳ፣ ጋሼ ከቤት ሳይወጡ "አንተ ልጅ፣ በሥላሴ ምስማር አይመታም፣ በረዶ ልታመጣብን ነው?" አሉ። አስቀመጥኩት። የአስራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው፣ እስካሁን የሠራሁት ቆርቆሮ መሸከም ብቻ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ሣሩን አወረድን። አቧራው፣ ጥላሸቱ፣ ኡፍ፣ ስናስነጥስ ጥቁር ነው የሚወጣው። የበሰበሰውን ጣልነው፣ የውስጠኛውን ደረቁን ግን እትዬ ለብቻ አስከመሩት፣ ለምን ስላቸው "ይቀመጥ" ብቻ አሉ። ከሰዓት የጭላዳ መንጋ መጥቶ የወደቀውን ሣር እየበተነ ፈተሸው፣ አንዱ ትልቁ ወንድ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጣራ የሌላትን ቤት ወደ ውስጥ አየ። የሱ አስተያየት ምን እንደሆነ አልታወቀም።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ብዙ የተሠራበት ቀን። ግንበኛው ጎረቤት መጥቶ የተናደውን ካብ መለሰው፣ እኔ በየሜትር ተኩሉ ፌሮ እያጠፍኩ ድንጋዩ መሃል ቀበርኩ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ሽቦ አስሬ ሞራሌውን (ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት) ወደ ታች ልጠፍርበት ነው። እዚህ ንፋስ ቆርቆሮ የሚነቅለው ከስር ገብቶ ነው፣ ምስማር ብቻውን አይችለውም፣ ድንጋይ ጭኖ መተውም እንደዛው ነው (ብዙ ቤት ላይ አይቻለሁ፣ ድንጋዩ አንድ ሌሊት አልጋችሁ አጠገብ ይወርዳል)።

ወጋግራው ላይ ምስማር አልገባ አለ። አሮጌ ጥድ ብረት ነው። ስድስት ምስማር አጣመምኩና የባሕር ዛፍ ሞራሌ በላዩ አድርጌ በሽቦ አሰርኩት፣ ሞራሌው ላይ ቆርቆሮውን ልመታ።

የውስጡን ግድግዳ ደግሞ በጭድ የተቦካ ጭቃ ለሰንነው። ዙሪያውን በሙሉ። እርጥብ ነው፣ ይደርቃል።

ጥር 10፣ አርብ፣ ከተራ

እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የምንሠራው፣ ከዛ ታቦት ይወርዳል። ከንጋት ጀምረን ተሯሯጥን፣ 30 ቆርቆሮ ገባ፣ ኮልሞው ተመታ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሰን ከታች ሆነን አየናት፣ እያብለጨለጨች። ቆንጆ ናት አልልም። ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ መስታወት ነው የምትመስለው።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ጥፋቱ የኔ ነውና። ቆርቆሮው ተነባብሮ ካቡ ጋ ሲደርስ ጎድጎዳው ስር ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል፣ ንፋስ ያፏጭበታል። ጋሼ ተዉት አሉ። እኔ ግን ብርድ ሊገባ ነው ብዬ ስፖንጁን ቆራርጬ፣ አሮጌ ጨርቅ ጨምሬ፣ አንድ በአንድ ወተፍኩት። ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። በሩንም በጨርቅ ጠርዤ ዘጋሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ሰባት ልጆች መጡ፣ የጥምቀት እረፍት ነው፣ በገደሉ ሲጓዙ ውለዋል። ሦስት ድንኳን ተከሉ። ድንኳኖቹን ሳይ ለዝናብም ለብርድም ሳይሆን ለፎቶ የተሠሩ ናቸው፣ ቀጭን፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ እንኳን የላቸውም። ቤት እደሩ አልናቸው፣ "እኛ ካምፒንግ ነው የመጣነው" አሉ። እሺ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ፣ ጥምቀት

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ሰባቱም። አንዷ ልጅ እጆቿን መክፈት አቅቷት ነበር። ጋሼ ሁለት ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) አመጡ፣ የመንዝ ባና ይክበድ እንጂ ያሞቃል፣ እትዬ ጦስኝ አፈሉ፣ ማንቆርቆሪያው ቡታጋዝ ላይ እስኪነጋ አልወረደም ብል ነው የሚቀለኝ። ልጆቹ ከሰል አንድደን እናስገባ ብለው ነበር፣ እምቢ አልኩ፣ ተጣላን ማለት ይቻላል። የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ይዞ መተኛት ስንቱን ቤት እንደጨረሰ ታውቃላችሁ፣ ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት ነው የሚመስለው፣ ከዛ አይነቁም። (የሚገርመው ያው እኔ ነኝ ቀዳዳውን ሁሉ የወተፍኩት። ቡታጋዙም ቢሆን ትክክል አልነበረም፣ በኋላ ነው የታየኝ።) በመጨረሻ ዘጠኝ ሰው፣ እኔና የጋሼ ልጅ ጭምር፣ መደቡ ላይና መሬት ላይ ተጠጋግተን ተኛን። ሞቀን። ስፖንጄን አመሰገንኩ።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ቆርቆሮውን መታችው። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ግንባሬ ላይ። ከዛ ጎኔ ያለው ልጅ "እንዴ!" ብሎ ተነሳ። ከዛ ከዚህም ከዛም ጠብ ጠብ፣ ከዛ በቃ ዘነበ፣ ቤት ውስጥ፣ ውጪ ሰማዩ ጥርት ብሎ። ባናው ራሰ፣ ስልኮች ራሱ፣ ዘጠኝ ሰው እየተጯጯኸ ወደ ውጪ። እትዬ ዳቦ ይዘው እየመጡ ነበር፣ ሁላችንንም ውሃ ለብሰን ሲያዩ "ካህኑ እዚህ ድረስ መጥተው ረጯችሁ?" አሉ። ቀኑን ሙሉ በየደረስንበት ይሄ ተነገረ። ታቦቱ ጋ ስንወርድ ቀድሞን ደርሶ ነበር።

ጣራው ቀዳዳ የለውም። አንድ በአንድ አየሁት፣ ምስማሮቹ ልክ ናቸው። ዝናብም አልነበረም።

ጥር 12፣ እሁድ፣ ቃና ዘገሊላ

ሥራ የለም፣ ማሰብ ግን አልተከለከለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ስር ያለው ሞቃት አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ውሃ ይሆናል፣ ሌሊቱ ሲበረታ በረዶ ሆኖ እዛው ይለጠፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ባንዴ ይቀልጣል። እርጥበቱ ከየት መጣ? የዘጠኝ ሰው ትንፋሽ፣ ሲፈላ ያደረ ማንቆርቆሪያ (ቡታጋዙ ራሱም ሲነድ እርጥበት ይተፋል)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐሙስ የለሰንኩት ያልደረቀ ጭቃ። መውጫ ደግሞ የለውም፣ እኔ ወትፌዋለሁ። ሣር ጣራ ቢሆን ትንፋሹን ያሳልፈው ነበር፣ ቀዝቃዛ ፊትም የለውም።

ለማረጋገጥ ትናንት ማታ በምሥራቅና በምዕራብ ያለውን ስፖንጅ አወጣሁ (ጨርቅ መሳብ ሥራ አይባልም ብዬ፣ ጋሼ አይተው ዝም አሉ)፣ ማንቆርቆሪያውም ምድጃውም ውጪ። ልጆቹ እንደገና እዛው አደሩ። ጠዋት ጠብታው ግማሽ ሆነ፣ ግን ነበረ። ንፋሱ ግን ገባ፣ ሁለቱ ልጆች ጃኬታቸውን ሳያወልቁ አደሩ። እርጥበቱን ላስወጣ ስል ሙቀቱም ይሄዳል፣ ሙቀቱን ልያዝ ስል ይዘንባል።

ልጆቹ ከሰዓት ሄዱ። እጇ ደርቆ የነበረችው ልጅ ባናውን ልግዛ አለች፣ እትዬ አይሸጥም አሉ።

ጥር 13፣ ሰኞ

መፍትሄው ኮርኒስ ነው፣ ያን ማንም ያውቀዋል። ችግሩ ቺፕውድ እዚህ የለም፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ ባመጣም ያን መንገድ በዛ ንፋስ ማን ተሸክሞ ይመጣል፣ አህያዋ እንደሆነ እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። እትዬ ናቸው "ማዳበሪያ ስፉ" ያሉት። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጎኑና ስሩ ተተርትሮ ሲዘረጋ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ከየቤቱ 27 ተሰበሰበ። በወስፌና በሲባጎ መስፋት ጀመርን፣ እትዬ አምስት ሲሰፉ እኔ አንድ። ጋሼ ቁጭ ብለው ስፌቴን እያዩ "ይሄ ብረት መስሎሃል" ይላሉ።

እትዬ ያስከመሩት ሣር እዚህ ጋ ነው የመጣው። ከማዳበሪያው በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያን ጥላሸት የለበሰ ደረቅ ጓሳ ልናነጥፍ ነው። የተዘጋው ክልል ሳይነካ፣ ያው የቤቷ የራሷ ሣር።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ማዳበሪያውን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረን ከስር በቀጫጭን የባሕር ዛፍ ማገር ደገፍነው፣ ሣሩን አንድ ክንድ በማይሞላ ውፍረት በላዩ ዘረጋን። ሁለቱ ጫፍ ላይ፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ስፖንጁን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ ክፍቱን ተውኩት፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት መታሁበት። ንፋሱ አሁን ከሣሩ በላይ ነው የሚያልፈው፣ ተኝቶ ያለው ሰው ላይ አይደርስም። ከኮርኒሱ በታች ደግሞ በሩ ትይዩ ጡብ የምታክል ቀዳዳ ከካቡ ላይ አንድ ድንጋይ አውጥቼ ተውኩ፣ ትንፋሽ መውጫ። ይቺን ማንም እንዳይወትፋት በር ላይ ልጽፍ ነው፣ በተለይ እኔ።

እሳት ከእንግዲህ ቤት ውስጥ የለም። ደረቅ ሣርና ማዳበሪያ ራስ ላይ አድርጎ ኩበት ማንደድ እብደት ነው። ከንፋስ በሚጋርደው በደቡብ በኩል በተረፈው አራት ቆርቆሮ (ሁለቱ አህያዋ ያጣመመቻቸው) ማድ ቤት ጥግ ሠራን፣ ሦስት ጉልቻ፣ ወገብ የሚደርስ ካብ። ጋሼ ይሄን አልወደዱትም። "ሰው ከሩቅ ቀዝቅዞ መጥቶ እሳት የሌለበት ቤት ይገባል?" አሉ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። የጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ በይጄ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ፣ ቱቦው ግን በዚህ ኮርኒስ መሃል እንዴት እንደሚያልፍ ገና አስቤ አልጨረስኩም፣ በግድግዳው በኩል ሳይሻል አይቀርም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

የፈተና ሌሊት። አምስት ሰው፣ እኔ፣ ጋሼ፣ ልጃቸውና ሁለት እረኞች። ቴርሞሜትር ይዤ ነበር፦ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ውጪ ከዜሮ በታች 3፣ ውስጥ 8። ሜዳው ነጭ ውርጭ ለብሷል። ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን ወደ ላይ እያየን ተኝተን ጠበቅን።

አልዘነበም። ሰሜን ጥግ፣ ጭቃው አሁንም ያልደረቀበት ጋ፣ ማዳበሪያው ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል እርጥበት አለች። ክፍተቱ በኩል ወጥቼ ከላይ ሳይ ቆርቆሮው ውስጥ ጎኑ ላይ ስስ ውርጭ ነበረ፣ ሲቀልጥ ሣሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከላይ የሚያልፈው ንፋስ እስከ ቀትር ያደርቀዋል። በክረምት፣ ጉሙ ሳምንት ሙሉ ሳይገፈፍ ሲሰነብት ይሄ ማድረቅ ይሠራ እንደሆነ የሚታየው ሐምሌ ላይ ነው። ሣሩ ከረጠበ አንድ ጎን ማዳበሪያውን ፈትቶ አውርዶ ፀሐይ ማስመታት ይቻላል፣ ለዛ ብዬ በምስማር ሳይሆን በሲባጎ ነው ያሰርኩት።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ልወጣ ነው። የቀሩ፦ አሸንዳ አልተሠራም፣ ሮቶ ማምጣት አልቻልኩም፣ ስለዚህ ውሃ አሁንም ከምንጩ ነው፣ 20 ደቂቃ መውረድ 40 ደቂቃ መውጣት። የሽንት ቤቱ በር ንፋስ ወስዶታል፣ ባና ተሰቅሎበታል (የቤቱ ምርጥ እይታ ያለው ከዛ ነው፣ ብዙ ሰው በሩን ባትመልሱት ይሻላል ይላል)። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ላይ ከንፋሱ በኩል ጉልበት የሚደርስ ካብ ያስፈልጋል፣ ለሁለት ድንኳን የሚሆን ጀምረናል።

በሩ ላይ በከሰል የጻፍኩት፦ "እሳትም ከሰልም ማንቆርቆሪያም ውስጥ አይገባም። ቀዳዳዋን አትዝጉ። ባናውን ጠዋት ውጪ አስጡ።" ጋሼ ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፣ አነበብኩላቸው፣ ትንሽ አሰቡና "ሂሳቡንም ጻፍ እንጂ" አሉ። ከሰሉን መልሼ አነሳሁ።